ለቢዝነስ ሕግ ትምህርት ክፍሎች፦ እውነቱን በሩ ላይ ንገሩን

ለ፦ በየዩኒቨርሲቲው ለሚገኙ የቅበላ ጽሕፈት ቤቶችና የቢዝነስ ሕግ ትምህርት ክፍሎች
ጉዳዩ፦ አመልካቾች ከመመዝገባቸው በፊት ሊያውቁት ስለሚገባ ነገር
ግልባጭ፦ ቢዝነስ ሕግን በቅድመ ምረቃ ለመማር ላሰባችሁ ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን አንድ በራሪ ጽሑፍ ይዛ መጣች። የቢዝነስ ሕግ ዲግሪ ማስተዋወቂያ ነው። ሽፋኑ ላይ ሱፍ የለበሰ ወጣት ቆሟል። ከኋላው ፎቅ ይታያል፣ እጁ ላይ የዳኛ መዶሻ አለ። ውስጡ ስለ ሰፊ የሥራ ዕድልና ስለ ተፈላጊ ባለሙያነት ያወራል። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ።

"አክስቴ፣ ቀን በቀን የምሠራው ምንድን ነው? ሒሳብ አለበት? ስጨርስ ጠበቃ እሆናለሁ?"

የሦስቱንም መልስ በራሪ ጽሑፉ ላይ ፈለግሁ። አጣሁት። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዤ ነው የተመዘገብኩት። ዛሬ የምኖረው በዚሁ ሙያ ነው፤ ድርጅት ውስጥ ውል አነባለሁ፣ ውል አርማለሁ፣ ውል እደራደራለሁ። ትምህርቱን እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው ሰው ሳያውቀው ሲገባበት የሚያመኝ። ስለዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች የማውቀውን መልስ በዚህ ደብዳቤ ላስቀምጥ። ከዚያ እናንተን አንድ ነገር እጠይቃለሁ።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። ብዙ ተማሪ የሚጎዳው እሱ ላይ ነው።

የቢዝነስ ሕግ ዲግሪ በአንዳንድ ቦታ ሙሉ የሕግ ዲግሪ ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ በቢዝነስ ትምህርት ቤት ሥር ያለ፣ ሕግ የበዛበት የንግድ ሥራ ዲግሪ ነው። ስማቸው ይመሳሰላል። የሚከፍቱት በር ግን ለየቅል ነው። አሜሪካን ውሰዱ። እዚያ ጠበቃ ለመሆን የተለመደው መንገድ መጀመሪያ የትኛውንም ዲግሪ ጨርሶ ከዚያ ለሦስት ዓመት ሕግ ትምህርት ቤት መግባት ነው። በቅድመ ምረቃ የተማሩት ቢዝነስ ሕግ ያንን አይተካም። ጀርመን ውስጥ የኢኮኖሚ ሕግ የሚባል የመጀመሪያ ዲግሪ አለ። ኩባንያዎች ተመራቂዎቹን ይቀጥራሉ። ጠበቃ ወይም ዳኛ ለመሆን ግን ሁለት የመንግሥት ፈተናዎች ማለፍ ግድ ነው፤ ይህ ዲግሪ ብቻውን እዚያ አያደርስም። እንግሊዝና ዌልስ ደግሞ ሌላ መንገድ መርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ የሶሊሲተሮች (በአብዛኛው ደንበኛን የሚያማክሩና ሰነድ የሚያዘጋጁ ጠበቆች) ፈተና ጀመሩ። ፈተናውን ለመውሰድ የግድ የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ከፈተናው ጋር ግን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል።

ሦስት አገር፣ ሦስት ሌላ ሌላ መልስ። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ይህን በራሱ አጣርቶ እንዲደርስበት መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

እኔ ያወቅሁት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ስለ ጥብቅና ፈቃድ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ የፕሮግራሜን ስም አየችና "ይሄ እኮ ብቻውን አይበቃም፣ ሌሎች ኮርሶች መውሰድ አለብሽ" አለችኝ። በትሕትና ነው የነገረችኝ። መልሷም ትክክል ነበር። የከፋኝ መልሱ ሦስት ዓመት ዘግይቶ መድረሱ ነው። ያን ቀን ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ለማንም አልተናገርኩም። ለቤተሰቤ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ግራ ገብቶኝ ነበር። ሁሉም "ጠበቃችን" እያሉ ነበር የሚጠሩኝ።

ቆይቼ ስረዳው ነገሩ እንደፈራሁት አልነበረም። ከዚህ ትምህርት ተመርቆ ችሎት የማይቆም ሰው ብዙ ነው። ባንክ ውስጥ የብድር ውል የሚያዘጋጅ አለ። ድርጅቱ ሕግና ደንብ መከተሉን የሚቆጣጠር አለ። የግዥ፣ የኢንሹራንስ፣ የግብር፣ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የሚሠራ አለ። ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ብቻ ሰው መርጦ ይግባባቸው እንጂ ሳያውቅ ተገፍቶ አይድረስባቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ቀን በቀን የሚሠራው ምንድን ነው?

ማንበብ ነው። ሕግ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ክርክር ነው። ተማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ለብቻው፣ ወረቀት ላይ አቀርቅሮ ነው። ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለትና ሦስት ሰዓት ዝግጅት ሊጠይቅ ይችላል። አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሠላሳ ገጽ ይሆናል። መጀመሪያ ስታነቡት ምንም አይገባችሁም። ይህ የሁሉም ሰው ዕጣ ነውና አትደንግጡ። ሁለተኛ ስታነቡት እነዚህን ጥያቄዎች ያዙ፦ ፍሬ ነገሩ፣ ማለትም የተፈጸመው ነገር ምንድን ነው? ጭብጡ፣ ማለትም የሚያከራክረው ነጥብ የቱ ጋ ነው? ፍርድ ቤቱ የትኛውን ሕግ አነሳ? ለምንስ በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲህ ተረጎመው? ይህ ልማድ አንድ ሴሚስተር ያህል ይወስዳል። ከመጣ በኋላ ግን ጋዜጣም ሆነ የስልክ መተግበሪያ የአገልግሎት ውል የምታነቡበት ዓይን ይለወጣል።

ለወንድሜ ልጅ ምሳሌ የሰጠኋት አንድ አሮጌ ጉዳይ ነው። ሃድሊ በባክሰንዴል ላይ ይባላል፤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1854 ተፈረደ። ግሎስተር ውስጥ በእንፋሎት ሞተር የሚሠራ አንድ ወፍጮ ነበር። የሞተሩ ዘንግ ተሰበረ። ባለወፍጮዎቹ አዲስ ለማሠራት የተሰበረውን እንደ ናሙና ግሪኒች ላሉ መሐንዲሶች መላክ ነበረባቸው። ለአጓጓዥ ሰጡት። አጓጓዡ በቸልተኝነት አዘገየው። በዚህ ምክንያት ወፍጮው ለተጨማሪ ቀናት ቆመ። ባለቤቶቹ የቀረብንን ትርፍ ይክፈለን ብለው ከሰሱ።

ሳይማር የሚያነብ ሰው ወዲያው ይፈርዳል። ያዘገየው ይክፈል ይላል። ፍርድ ቤቱ ግን ቆም አለ። አንድ ዘንግ ሲዘገይ ወፍጮ ሁሉ ይቆማል ወይ? ባለወፍጮው ሌላ መለዋወጫ ዘንግ ሊኖረው አይችልም? የወፍጮው ሥራ ሙሉ በሙሉ በዚያች ዘንግ ላይ መንጠልጠሉን አጓጓዡ ውሉ ሲደረግ ያውቅ ነበር? ዳኞቹ እንዳዩት ይህ ልዩ ሁኔታ አልተነገረውም። ስለዚህ ከውል መጣስ የሚመጣ ካሳ ሁለት መለኪያ ተበጀለት። አንደኛው በተለመደው የነገሮች አካሄድ ከጥሰቱ የሚመጣ ጉዳት ነው። ሁለተኛው ሁለቱም ወገኖች ውሉን ሲያደርጉ በሐሳባቸው ሊኖር የሚችል ጉዳት ነው። ከዚያ ያለፈው አይከፈልም።

ይህን ሐሳብ አንዴ የያዘ ተማሪ የትም ያገኘዋል። በዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ውሎች ላይ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የሚባል ሰነድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ቪየና ላይ ጸድቆ በ1988 ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 74ቱን ብታነቡ ካሳው ጥፋተኛው ወገን ውሉ ሲደረግ አስቀድሞ ካየው ወይም ሊያየው ይገባ ከነበረው ኪሳራ አይበልጥም ይላል። የዚያች ዘንግ ዘመድ ነው። እኔም ዛሬ ሥራ ላይ የሶፍትዌር ውል ሳነብ የማስበው እሷን ነው። ሲስተሙ አንድ ቀን ቢቆም ደንበኛችን ምን ያጣል? ይህን ለአቅራቢው ነግረነዋል? በጽሑፍ አለ?

ታዲያ ፈተናው። እዚህ ላይ በቁም ነገር አድምጡኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሽምደዳ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ቢዝነስ ሕግ ውስጥ ይደነግጣል። ፈተናው ትርጉም አይጠይቅም። ታሪክ ይሰጣል። አንድ ነጋዴ ሁለት መቶ ወንበር ያዝዛል እንበል። ሻጩ "ተቀብያለሁ፣ ግን ከአንድ ሳምንት በኋላ አደርሳለሁ" ብሎ ይመልሳል። ነጋዴው ዝም ይላል። ወንበሩ ይመጣል። ነጋዴው አልፈልግም ይላል። ውል አለ ወይስ የለም? ከሁለቱ የቱ ያሸንፋል?

የመጀመሪያ የውል ሕግ ፈተናዬ እንዲህ ዓይነት ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ስቸክል ያደርኩትን የውል ትርጉም፣ የውል ዓይነት፣ የውል ታሪክ ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ መምህሬ ጥግ ላይ አንድ ቃል ብቻ አስፍረው ነበር። "ወንበሮቹስ?" ሌላ አስተያየት አልነበረውም። ያ ቃል ከሙሉ ሌክቸር በላይ አስተማረኝ። ሕጉን ታሪኩ ላይ ማስቀመጥ አለባችሁ። የሻጩ መልስ የዘገየ ቀን ጨምሯልና ያው መቀበል ነው ወይስ አዲስ ሐሳብ? ዝምታስ መቀበል ይሆናል? የሁለቱንም ወገን ክርክር ጻፉ፣ ከዚያ ወደ አንዱ አድሉ፣ ለምን እንዳደላችሁም አስረዱ። የመጨረሻው መልስ ቢለያይም ማብራሪያው ከጸና ነጥብ ይሰጣል። ይህን የሚነግር ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሊኖር ይገባል።

ሒሳብ አለበት ወይ ለሚለው፣ አዎ አለበት። ብዙ ልጆች ከቁጥር ለመሸሽ ሕግ ይመርጣሉ። ቢዝነስ ሕግ መሸሸጊያ አይሆናቸውም። የሚያስፈልገው ከባድ ስሌት አይደለም። ሀብት፣ ዕዳ፣ ካፒታል፣ ትርፍና ኪሳራ የሚሉትን ቃላት የሒሳብ መግለጫ ላይ ማንበብ መቻል ነው። አንድ ኩባንያ ትርፍ እያሳየ ጥሬ ገንዘብ ሊያልቅበት ይችላል። ያንን ያልተረዳ ተማሪ የኪሳራ ሕግን ምዕራፍ ቃላቱን ይሸመድዳል እንጂ ነገሩ አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ላይ ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ ወደቀ። ዕዳውን ከዋናው መዝገብ ውጭ ባሉ ሌሎች ድርጅቶች ውስጥ ሸሽጎት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ስለ ኩባንያዎች የሒሳብ መግለጫ ሳርቤንስ ኦክስሊ የሚባለውን ጥብቅ ሕግ አወጣች። የሒሳብ መግለጫ ማንበብ የማይችል ሰው ያ ሕግ ለምን እንደወጣ ሊያስረዳ አይችልም።

ከሁሉም ኮርስ እኔን የለወጠኝ የኩባንያ ሕግ ነው። ምክንያቱም አንድ እንግዳ ሐሳብ ያስተምራል። ኩባንያ ሰው ነው ይላል። አጥንትና ሥጋ የለውም፣ ግን ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ዕዳ ይገባል። ሳሎሞን የተባለ የለንደን ጫማ ሠሪ ነበር። የግል ሥራውን ወደ ኩባንያ ለወጠው። ከ20,007 አክሲዮኖች 20,001 የእሱ ነበሩ። ቀሪዎቹን ስድስቱን ሚስቱና አምስት ልጆቹ አንድ አንድ ያዙ። ኩባንያው ሲከስር ባለገንዘቦቹ ያልተከፈላቸው ቀሩ። ይህ ኩባንያ እኮ ራሱ ሳሎሞን ነው፣ ዕዳውን ከኪሱ ይክፈል ተባለ። የሥር ፍርድ ቤቶች በእሱ ላይ ፈረዱ። እ.ኤ.አ. በ1896 ግን በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ገለበጠው። ኩባንያው በሕግ ከተቋቋመ ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው አለ።

ይህን ስማር ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ፍትሕ አይደለም አለ። ግማሹ ደግሞ ያለ እሱ ማን ደፍሮ ንግድ ይጀምራል አለ። እኔ ዛሬም ሁለቱንም ወገን እሰማለሁ። ያልተከፈለው ዕቃ አቅራቢ ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል አንድ ሙከራው ስላልተሳካ ቤቱን ያጣ ሰውም ያሳዝነኛል። ትምህርቱ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የማን ኪሳራ በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚመርጥ ነገር መሆኑን ታያላችሁ። እያንዳንዱ አንቀጽ ጀርባ የሚጠቀምና የሚጎዳ ሰው አለ።

ሌሎቹን ኮርሶች በአጭሩ ልለፋቸው። ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ የንብረት ሕግ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ፣ ግብር፣ አእምሯዊ ንብረት፣ የውድድር ሕግ፣ ግልግል ዳኝነት (ክርክርን ከፍርድ ቤት ውጭ ተከራካሪዎቹ በተስማሙበት ዳኛ መጨረስ)፣ እንደ ቼክ ያሉ የንግድ ወረቀቶች። ቅደም ተከተላቸውና ስማቸው እንደየቦታው ይለያያል። ግብር በየጊዜው ስለሚለወጥ አንቀጽ ከመያዝ ይልቅ አሠራሩን መረዳት ይሻላል። ግልግል ዳኝነትን ደግሞ ችላ እንዳትሉት፤ ድንበር ተሻግረው የሚነግዱ ድርጅቶች ብዙ ክርክራቸውን የሚጨርሱት እዚያ ነው። ይህም ሊሆን የቻለው በአመዛኙ እ.ኤ.አ. በ1958 ኒውዮርክ ላይ በተፈረመው ስምምነት ነው፤ በአንድ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በሌላ አገር እንዲፈጸም ያስችላል።

ስለ ጽሕፈትም ትንሽ ልበል። ተማሪው ሲጀምር ሕግ የሚጻፈው በከባድ ቃል ይመስለዋል። እኔም በረዥም ዓረፍተ ነገር ጠቢብ የምመስል ይመስለኝ ነበር። ሥራ ላይ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ክርክር ያመጡብን ውሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ግልጽ ባልሆነ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። አንዱ ውል ላይ "ዕቃው በተቻለ ፍጥነት ይላካል" ይላል። ከየት? እስከ የት? መንገድ ላይ ቢበላሽ የማን ነው? ነጋዴዎች ይህን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ኢንኮተርምስ የሚባሉ አጫጭር ቃላት ይጠቀማሉ። በ2020ው እትም አሥራ አንድ ናቸው። አንዷን ቃል በትክክል ማስገባት የወራት ጭቅጭቅ ያስቀራል። ይህን ያስተማረኝ ግን ሥራው ነው፣ ክፍል ውስጥ አንድም ውል ከባዶ ወረቀት ተነስቼ አልጻፍኩም።

ዘንድሮ የሚገቡ ልጆች ሌላም ነገር ይገጥማቸዋል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኪሳቸው ውስጥ አለ። ንባቡን ያሳጥርላቸዋል፣ ይህን አልክድም። ግን የሌለ የፍርድ ቤት ውሳኔ በልበ ሙሉነት ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች እንዲህ የተፈጠሩ ውሳኔዎችን እውነት መስለዋቸው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። 5,000 ዶላር ተቀጡ። የጠቀሳችሁትን ጉዳይ ከዋናው ምንጭ ከፍታችሁ ሳታዩ አትጻፉ። ይህ ልማድ አንደኛ ዓመት ላይ ካልተያዘ በኋላ ለመያዝ ይከብዳል።

ስለ ብቸኝነቱም ልጨምር። ውጤት በጣም የሚወዳደሩበት ክፍል ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ደብቀው የሚያነቡ ልጆች አይቻለሁ። እኔን ያተረፈኝ አራት ሆነን የጀመርነው የንባብ ቡድን ነው። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ተከሳሽ፣ አንዱ ዳኛ ይሆናል፤ አራተኛው ስሕተት ይቆጥራል። ምስለ ችሎት፣ ማለትም ተማሪዎች የሚከራከሩበት የልምምድ ችሎት ካለ ደግሞ ዓይናፋሮችም ቢሆኑ ይግቡበት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ የጨረስኩት የመጀመሪያው ክርክር እስከ ዛሬ ስብሰባ ላይ እንድናገር ያደርገኛል።

እናንተ ኃላፊዎች፣ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከዚያ በራሪ ጽሑፍ ላይ የመዶሻውን ፎቶ አንሱና ቦታውን ለእውነት ስጡት። ይህ ዲግሪ ብቻውን ለጥብቅና ያበቃል ወይስ አያበቃም? በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በደማቅ ፊደል ጻፉት። ካላበቃ ቀሪው መንገድ ምን እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሚወስድ ጨምሩበት። አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና ከነጥሩ መልሱ አያይዙ። አንድ አጭር የፍርድ ቤት ውሳኔ አያይዙ፤ አመልካቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያንብበው። የሰለቸው ሰው ጊዜና ገንዘቡን ሳያፈስ ይወቅ። ያልሰለቸው ደግሞ ደስ ብሎት ይምጣ። አመልካች እንዳይቀንስባችሁ ትፈሩ ይሆናል። አውቆ የገባ ተማሪ ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥሎ ለመውጣት አይቸኩልም፤ እናንተም ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ለወንድሜ ልጅ የባለወፍጮውን ጉዳይ አትሜ ሰጠኋት። ማታ ላይ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፋበታለች። "አክስቴ፣ አጓጓዡ ቢነገረውስ ኖሮ? በዚያው ዋጋ ይሸከምላቸው ነበር?" አለችኝ። ቁጭ ብለን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን።

ማመልከቻዋን እስካሁን አልሞላችም። ሦስቱን ጥያቄዎቿን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለእናንተ ልካለች። መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የቢዝነስ ሕግ ተመራቂ